አቦሉ በስንት ሰዓት?

በአርባ ምንጭ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



የዛሬውን ርእስ ያቀበሉኝ ጀበና ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። ሲቀላ ውስጥ፣ መንገድ ዳር፣ ቄጤማ ጎዝጉዘው፣ ከከሰል ምድጃው አጠገብ አጫጭር በርጩማዎች ደርድረው ይውላሉ፤ ያመሻሉም። አንድ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ሦስት ተማሪዎች ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አራተኛ ሲኒያቸውን አዘዙ። እሳቸው ቀድተው ሰጧቸውና ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «መምህር፣ ይሄ ነገር ትምህርቱን ያስገባላቸዋል ወይስ እንቅልፋቸውን ብቻ ነው የሚያባርረው?» አሉኝ።

ሥነ ሕይወት ሳስተምር ብዙ ጥያቄ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ቁርጥ ያለ ግን ጥቂት ነው። መንቃት ሌላ፣ መማር ሌላ መሆኑን እናት በአንድ አረፍተ ነገር ለዩት። ያን ማታ የመለስኩላቸው መልስ ግማሽ ነበር። ዛሬ ሙሉውን ልመልስ መጥቻለሁ።

ከራሴ ልጀምር። ያደግሁት ከጋሞ ወይና ደጋ መንደሮች በአንዱ ነው። ጨንቻና ዶርዜ ለቡና ይበርዳቸዋል፤ እኛ ጋ ግን ከእንሰቱ ጎን ቡና ይበቅል ነበር። ቡና በቋንቋችን «ቱኬ» ነው። ፍሬው ለገበያ ይወጣል፤ ቤት የሚቀረው ቅጠሉ ነው። እናቴ የደረቀውን ቅጠል ወቅጣ፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ጨምራ፣ ጨው ጣል አድርጋ፣ ቃሪያውንም ሳትረሳ በትልቅ ማሰሮ ታፈላዋለች። ጎረቤት ይጠራል። ሐረሮችም ከቡና ቅጠል «ኩቲ» የሚሉትን እንደሚያፈሉ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ማለዳ አንዴ፣ ከሥራ መልስ አንዴ ይጠጣል። መሸት ካለ በኋላ ማሰሮው ተደፍቶ ይታጠባል፤ ሌሊት ቡና የሚያፈላ ሰው ካየን ለቅሶ ቤት ነው። ያኔ ልማዱን ልማድ ብቻ አድርጌ ነበር የማየው።

ወደ ከፍተኛ ትምህርት ስገባ ልማዱን ጣልሁት። የመጀመሪያው ዓመት የማጠቃለያ ፈተና ዋዜማ ሌሊቱን በሙሉ በቡና ቸከልኩ። አንድ ሙሉ ምዕራፍ፣ ሴል ከምግብ ጉልበት የሚያወጣበትን ዑደት፣ ከነስሙ ከነቀስቱ ሸመደድኩ። ሲነጋ ዓይኔ ፈጦ፣ ልቤ እየመታ፣ ሁሉን የማውቅ መስሎኝ ገባሁ። ጥያቄው ሲመጣ ርእሱ የተጻፈበት ገጽ ይታየኛል፤ ሥዕሉ በስተቀኝ እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ ከሥዕሉ ውስጥ ያለው ግን የለም። ነቅቼ ነበር። አልተማርኩም ነበር። ለምን እንደዚያ እንደሆነ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ዛሬ እናንተ ዘንድ ያቆመኝም ያ ፈተና ነው።

ቡና የሚያነቃንን ነገር፣ ካፌይንን፣ የሚሠራው ለእኛ ብሎ አይደለም። ለራሱ ነው። ለጋ ቅጠሉንና ፍሬውን ከተባይ የሚጠብቅበት መራራ ነገር ነው፤ ለነፍሳት መርዝ ነው። የሚደንቀው ግን ይኸው ተክል በአበባው ወለላ ውስጥ ካፌይኑን እጅግ አሳንሶ፣ ምሬቱ በማይታወቅበት መጠን ማስቀመጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጀራልዲን ራይት የተባሉ እንግሊዝ አገር የሚሠሩ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡትን ሥራ ንብ ለሚያነቡ አባቶች ብነግራቸው ደስ ይለኛል። ንቦችን የአንድ አበባ ሽታ አስተማሯቸው፤ ለከፊሎቹ ተራ ስኳር፣ ለከፊሎቹ ትንሽ ካፌይን ያለበት ስኳር ሰጧቸው። በማግስቱ ሽታውን ያስታወሱት ካፌይን የቀመሱት ንቦች ከሌሎቹ 3 እጥፍ ነበሩ። አበባው ንቧን «እኔን አትርሺኝ» የሚልበት መንገድ ነው ማለት ይቻላል። የብርቱካንና የሎሚ አበባም ይህንኑ ያደርጋል።

እንግዲህ ካፌይን ለትውስታ ይረዳል ማለት ነው? ለንብ፣ አዎ። ቆይታችሁ የሰውን ታያላችሁ።

መጀመሪያ ወደ አንጎል እንግባ። ዶርዜ የወጣችሁ ሁሉ ቤቱን ታውቁታላችሁ፤ ከቀርከሃ ተጎንጉኖ፣ በእንሰት ኮባ ተሸፍኖ፣ ፊቱ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ፊት ወጣ ያለ ነው። መግቢያው ዝቅና ጠበብ ያለ በመሆኑ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አያሳልፍም። በአንጎላችን ሴሎች ገጽ ላይ እንዲህ ያሉ ጠባብ በሮች አሉ። ተቀባይ እንላቸዋለን። ሥራቸው አዴኖሲን የሚባል ነገር ሲመጣ ማስገባትና «ደክሟል፣ አሁን ረጋ በል» የሚለውን መልእክት ለሴሉ ማድረስ ነው።

አዴኖሲን ከየት ይመጣል? ከሥራችን። ሴል ጉልበት ሲያወጣ የሚተርፍ ነገር ነው። ጠዋት ስንነሳ ጥቂት ነው፤ ስናስብ፣ ስንሄድ፣ ስንከራከር ስንውል ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። ማታ ዓይናችን የሚከብደው በከፊል ከዚህ ነው። ስንተኛ ይጸዳል። የድካም ቆጣሪያችን እሱ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ካፌይን በመልኩ አዴኖሲንን ይመስላል። ስለሚመስል በሩ ላይ ይደርሳል፤ ሙሉ በሙሉ ስላልሆነ ግን አይገባም፤ መልእክትም አያደርስም። መግቢያው ላይ ቆሞ፣ አልገባም አልወጣም ብሎ መንገድ እንደሚዘጋ እንግዳ ነው። አዴኖሲን ከኋላው ይሰለፋል። ሴሉ መልእክት ስላልደረሰው ሥራውን ይቀጥላል፤ እኛም ነቃን እንላለን። አስተውሉ፦ ድካሙ አልጠፋም። ደጅ ቆሟል። ሰልፉም እየረዘመ ነው። እንግዳው ከሰዓታት በኋላ ሲሄድ የተሰለፈው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገባል፤ ያ ድንገተኛ መዛል፣ ከቀትር በኋላ ክፍል ውስጥ ራስን የሚጥለው፣ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ካፌይንን ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ሩንጌ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1819፤ ፍሬውን አንሥቶ የሰጠው ባለቅኔው ጎተ ነው። ከዚያ እስከ ዛሬ ከ200 ዓመት በላይ ሲጠና ቆይቷል። ከአፍ ወደ ደም ለመግባት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ በ45 ደቂቃ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ገብቶ ያልቃል። ለመውጣት ግን ይዘገያል። ለጤነኛ ጎልማሳ የጠጣው ካፌይን ግማሹ ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ለአንዱ 3፣ ለሌላው 7 ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ በአብዛኛው ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኤንዛይም ነው፤ ያም በዘር ይወረሳል። «እኔ ማታ ጠጥቼም እተኛለሁ» የሚል ጎረቤት ካላችሁ ውሸታም አይደለም። የእሱ ጉበት ግን የእናንተ ጉበት አይደለም። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የምትወስድ ሴት ጋ ካፌይን ሁለት እጥፍ ያህል ይቆያል፤ ነፍሰ ጡር ጋ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ወራት እስከ 15 ሰዓት ሊደርስ ይችላል።

አሁን ወደ እናት ጥያቄ። ካፌይን ምን ያስገባል?

የማያጠራጥረው ነገር ንቃት ነው። በሚያሰለች፣ ተደጋጋሚ፣ ዓይንን ሳያነሱ በሚሠሩት ሥራ ላይ ካፌይን በእርግጥ ይረዳል። ሸማኔ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ሲልክ ውሎ ጥለቱ ላይ ክር እንዳይስት፣ የሌሊት ዘበኛ እንዳያንቀላፋ፣ ረጅም ንባብ የያዘ ተማሪ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሐሳቡ እንዳይሸሽ። እጅና ዓይን ይፈጥናሉ። በተለይ ለደከመ ሰው። ይህን አቃልሎ ማለፍ ትክክል አይደለም፤ ያላነበበ አይማርምና።

ነገር ግን አንድ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ፣ ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሲሆን 379 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ከፊሎቹ የቡና ለማጆች፣ ከፊሎቹ ጨርሶ የማይጠጡ ወይም አልፎ አልፎ የሚጠጡ ነበሩ። ሁሉም ከ16 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ከካፌይን ከተከለከሉ በኋላ ለከፊሉ ካፌይን፣ ለከፊሉ ባዶ እንክብል ተሰጠ። ባዶውን የወሰዱት ለማጆች ዛሉ፣ ራሳቸውን አመማቸው። ካፌይን የወሰዱት ለማጆች ተነቃቁ፤ የደረሱበት የንቃት ደረጃ ግን ቡና የማይጠጣው ሰው ያለ ምንም ነገር ካለበት ደረጃ የሚበልጥ አልነበረም። ወገኖቼ፣ ይህ ከባድ ነገር ነው። በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው የጠዋቱ አቦል ከፍ አያደርገውም፤ ከገባበት ጉድጓድ አውጥቶ ሜዳው ላይ ያቆመዋል። ምክንያቱም አንጎል በሩ ሲዘጋበት ዝም አይልም፤ ሌላ በር ይከፍታል። በሮቹ ሲበዙ ያው ሲኒ አይበቃም።

ጾም ሲገባ ራሱን የሚያመው ሰው ይህን በራሱ ያውቀዋል። ረሃቡ ነው ይላል። ረሃቡም ይኖርበታል፤ ግን ካፌይን ያቋረጠ ለማጅ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት፣ መነጫነጭና መፍዘዝ ይጀምረዋል፤ በሁለተኛው ቀን ይብስበታል፤ እስከ ሳምንትና ከዚያ በላይም ሊቆይ ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት ቀን በቀን አንድ አንድ ሲኒ የቀነሰ ሰው ጾሙን በሰላም ይይዛል።

ስለ ትውስታ ደግሞ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ያሳ የተባለ ተመራማሪና ጓደኞቹ ጥሩ ሐሳብ መጣላቸው። ካፌይኑን ከጥናት በፊት ከሰጡ ተማሪው በደንብ ያስታወሰው ስለ ነቃ ይሁን ስለ ሌላ አይለይም። ስለዚህ ሥዕሎች አሳይተው ከጨረሱ በኋላ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ሰጧቸው፤ በማግስቱ ፈተኗቸው። ካፌይን የወሰዱት ያዩትን ሥዕል ከሚመሳሰለው ለመለየት የተሻሉ ሆኑ። 100 ሚሊ ግራም አልሠራም፤ 300ም ከ200 አልበለጠም። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ይህንኑ ደግመው ሲሞክሩት ውጤቱ ቢኖር እንኳ ትንሽ ሆኖ አገኙት። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ሰው ንብ አይደለም፤ ተማሪ በዚህ ላይ ተመሥርቶ ቡና ቢጨምር አይበጀውም። ደግሞም የ2014ቱ ሙከራ ተሳታፊዎች ቡና ያልለመዱ ነበሩ።

እንግዲህ ትምህርትን የሚያስገባው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1924 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ሁለት ሰዎች ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የሌላቸው 10 ቃላት እያስጠኑ አንዳንዴ አስተኟቸው፣ አንዳንዴ ነቅተው እንዲውሉ አደረጓቸው። ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ነቅተው ሲውሉ የሚያስታውሱት ከ10 አንድ ያህል ነበር፤ ተኝተው ሲነሱ ግን ከ5 በላይ። ያው አእምሮ፣ ያው ቃል፣ ያው 8 ሰዓት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 ዊልሰንና ማክኖተን አይጦች መንገድ ሲማሩ የትኞቹ የአንጎል ሴሎች አብረው እንደሚሠሩ መዝግበው ቆዩ፤ አይጦቹ ሲተኙ እነዚያው ሴሎች እንደገና አብረው ተነሡ። አይጧ ተኝታ፣ የዋለችበትን መንገድ እየደገመችው ነበር። የሆነበት ቦታ ሂፖካምፐስ ይባላል፤ የቀኑ ትምህርት መጀመሪያ የሚያርፍበት የአንጎል ክፍል ነው። በከባዱ እንቅልፍ ጊዜ ከዚያ እየተነሣ ወደ ዘላቂው ማኖሪያ ይሻገራል። ያ ከባድ እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ መጀመሪያ ነው፤ ካፌይን በጣም የሚቀንሰውም እሱኑ ነው።

አሁን ስሌቱን አብረን እንሥራ፤ ወረቀት ያላችሁ ጻፉ። የእኛ አረቢካ ቡና ከክብደቱ 1.2 በመቶ ያህሉ ካፌይን ነው። 10 ግራም ዱቄት ማለት 120 ሚሊ ግራም ነው፤ አብዛኛው ደግሞ በአቦሉ ይወጣል፤ ቶናና በረካ እየሳሱ ይሄዳሉ። አራት ሲኒ የጠጣ ተማሪ፣ አቀዳዱ ወፈር ካለ፣ 200 ሚሊ ግራም አልፏል ብለን እንያዝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከጠጣ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ 100 ደሙ ውስጥ ነው። ጎህ ሲቀድ 12 ሰዓት ላይ 50 አለ። ማለትም ሌሊቱን ሙሉ እንግዳው በር ላይ ቆሞ አድሯል። ተማሪው ተኝቶ ይሆናል። እንቅልፉ ግን ጥልቀት የለውም።

ዲትሮይት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ይህን በመሣሪያ ለካው። 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የወሰዱ ሰዎች ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ አጡ። ራሳቸው የጻፉት ግምት ግን መሣሪያው ካሳየው ያነሰ ነበር። «ምንም አልሆንኩም፣ ተኝቻለሁ» የምንለው ለዚህ ነው። ከእኔ የፈተና ወረቀት ላይ የጠፋው ሥዕል የጠፋው እዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ይመስለኛል፤ እኔ ደግሞ አንድ ሰዓት ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ ነበር ያጣሁት።

ይህ የእኛ አገር ነገር አይደለም የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በጎንደርና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የእንቅልፋቸው ጥራት ደካማ መሆኑን አሳይቷል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲጀመር ተማሪው ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ጫሞ፣ አባያ፣ ኩልፎ፣ ነጭ ሳር የሚባሉ ግቢዎች ሞልተዋል። የማታ ቡናውም አብሮ በዝቷል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ አድረው መፈተን ጀመሩ። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ይህን በቡና ላይ ለመለጠፍ አልመጣሁም፤ ምክንያቱ ከሲኒ እጅግ የሰፋ ነው። ነገር ግን ከቤቱ ወጥቶ በማያውቀው አልጋ ላይ የሚያድር የ18 ዓመት ልጅ ካለው ጥቂት እንቅልፍ ላይ ቆርሰን ስንወስድበት ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ጫትን አንሥቼ ልለፍ። ጫት ካፌይን አይደለም። ውስጡ ያለው ካቲኖን ይባላል፤ በር አይዘጋም፤ አንጎል የራሱን አነቃቂ ነገሮች አፍስሶ እንዲያወጣ ያስገድደዋል። ሁለቱን ደርቦ ማታ የሚወስድ ተማሪ ላይ ያለኝ ስጋት ስለ ቡና ካለኝ ብዙ ይበልጣል፤ ሌላ ቀን ራሱን ችሎ ይነገርበታል።

ከላንቴ ሙዝ ጭነው ሌሊት ወደ አዲስ አበባ ስለሚነዱ ሾፌሮች ግን ሳልናገር አላልፍም፤ እዚህም አንድ ሁለት አያለሁ። እንግሊዝ አገር ላፍቦሮ ውስጥ ሆርንና ሬይነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያሳዩትን ስሙኝ። የደከመ ሾፌር መኪናውን ዳር ያቆማል፤ ቡናውን ቶሎ ይጠጣል፤ ወዲያው ለ15 ደቂቃ ጋደም ይላል። ቡናው ሥራ እስኪጀምር ባለው ጊዜ እንቅልፉ ከተሰለፈው አዴኖሲን ላይ ይቀንሳል። እንዲህ ያደረገው ቡና ብቻ ከጠጣውም ብዙ የተሻለ ነዳ። ይህ ግን መንገድ ለመጨረስ እንጂ ሌሊት በሌሊት ለመኖር አይደለም።

አሁን እናቶች ወደ እኔ። ልጆች አጠገባችን ሲቀመጡ በረካውን ወተት ጨምረን እንሰጣቸዋለን፤ እኔም የጠጣሁት እንደዚያ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ለጤነኛ ጎልማሳ በቀን እስከ 400፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ሚሊ ግራም ስጋት የለውም ብሏል። ለልጅ የሚታሰበው በኪሎው 3 ሚሊ ግራም ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንግዲህ 60 ሚሊ ግራም ላይ ይደርሳል፤ አንድ ወፍራም ሲኒ ለዚያ አይርቅም። በጣሳ የሚሸጠው የኃይል መጠጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቻውን ይበልጠዋል። ሁለተኛው ነገር ከካፌይን የተለየ ነው፤ ግን ከትምህርት ጋር ከዚህ ሁሉ በላይ የሚነካካ ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ በተደረገ ሙከራ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀነሰው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ አልጎዳም፤ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር እንደ ጠጡት ያህል ጎዳ። ደሙ ብረት ያጣ ልጅ ክፍል ውስጥ ይፈዛል፤ ትኩረቱ ይሳሳል። ዳቦ በሻይ በልቶ የሚሄደውን ልጃችንን ሰነፍ ከማለታችን በፊት ሻዩን በውሃ እንቀይርለት። የጎመንና የምስር ብረት በከንቱ አይለፍ።

አንድ ወጣት ከመግባቴ በፊት ውጭ ይዞኝ፣ «ካፌይን የሌለው ቡና የለም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አለ፤ የተገኘውም ከእኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ቡድን ከኢትዮጵያ የሰበሰበው የቡና ዘር ብራዚል ደርሶ ተተከለ። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ የብራዚሏ ካምፒናስ ከተማ ተመራማሪዎች ከእነዚያ ዛፎች መካከል በተፈጥሯቸው ካፌይን የሌላቸው ሊባሉ የሚችሉ 3 ዛፎች ማግኘታቸውን «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አሳተሙ። በሌላው ዛፍ 1.2 በመቶ የሚሆነው ካፌይን በእነዚህ 0.07 ገደማ ነው። የዘሩ ባለቤት ማን ነው የሚለው ክርክር ያኔ አገራችንን አስቆጥቶ ነበር፤ ቁጣውም ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ማታ ከጎረቤት ጋር ያለ ስጋት የሚጠጣ ቡና ዘሩ በዚሁ ምድር ጫካ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ጫካውን ስንመነጥር የምናጣው ምን እንደሆነ ሳናውቀው ነው።

ወደ ተማሪዎቹ ልመለስ። የምጠይቃችሁ ቡና እንድትተዉ አይደለም። ጠዋት ጠጡ። ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ አንድ ጠጡና ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፤ ያ ሰዓት ለካፌይን የተመቸ ነው፤ የሚከብደው ንባብ ያኔ ይሁን። ከ9 ሰዓት በኋላ ሲኒውን አኑሩት። ማታ የሚቀረውን እየደገማችሁ፣ ደብተሩን ዘግታችሁ ለራሳችሁ እየጠየቃችሁ ቆዩና 4 ሰዓት ላይ ተኙ። የእንቅልፉን ሰዓት ከጥናት ሰዓት ቁጠሩት፤ ነውም። በፈተናው ቀን ጠዋት ቡና የለመደ እንደ ለመደው ከመግባቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይጠጣ፤ ያን ቀን መተው ራስ ምታት ይዞ መግባት ነው። ያልለመደ ግን ያን ቀን አይጀምር፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ፍርሃትም ይጨምራል፤ ሽንት ቤትም ያስመላልሳል።

እናት ሲቀላ ላይ የጠየቁኝን ከዚህ በኋላ እንዲህ እመልሳለሁ፦ ንቃቱን ያስገባላቸዋል፤ ትምህርቱን የሚያስገባላቸው የሚያባርርባቸው እንቅልፍ ነው። ይህን ባለፈው ሳምንት ሄጄ ስነግራቸው ትንሽ ዝም ብለው ፍሙን ቆሰቆሱና፣ «ታዲያ የማታውን ትቼ በ8 ሰዓት ልቀመጥላቸው? ክፍል አይደሉም ወይ?» አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ ብዙዎቹ በዚያ ሰዓት ክፍል ናቸው። የክፍል መርሐ ግብር የምታወጡ መምህራንና ኃላፊዎች እዚህ ስላላችሁ ጥያቄያቸውን ለእናንተ አስተላልፌዋለሁ።

እሳቸውም ዛሬ እዚህ፣ ከኋላው ረድፍ አሉ። የመጀመሪያውን የመናገር ተራ ለእሳቸው ልስጥ።